የኖራ መርከብ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከኪቶ ሜዳ ላይ፣
ኳሱ ቀረና ዛሬ፣ «ኑ መርከብ እንይ!»
መግቢያው ስሙኒ ነው፣ ላጣ ሁለት ዘይቱን፤
ዘኪያ ትቀበላለች፣ ዘርግታ ቀሚሷን።

ባሻ ነዚፍ፣ ከባሕር ኃይል የተሰናበቱት፣
በገመድ፣ በእርምጃ፣ ሲለኩ ያነጉት፣
በኖራ ተሰምሯል ከጎል እስከ ጎል፤
ለአፍንጫው ሜዳው አልበቃም፣
የእትዬ ራውዳን የጎመን መደብ ገምሶ አልፏል።

«እግር ጥረጉ» አሉን፣ «ወለሉ ታጥቧል።»
ሣር ነው። ጠረግን።
«በሩ አጭር ነው፣ ጎንበስ! ብረቱ አናት ይፈነክታል!»
ከላያችን ሰማይ። ጎንበስ ብለን ገባን፣
ቀውላላው ሼምሱ ጭምር።

«መድፉ እዚህ ነበረ» — የጀሪካን ክዳን።
«ወጥ ቤቱ ይሄውና፤ ማዕበል የመጣ ቀን
ምስር ወጥ ከጣሪያ ነው የሚጨለፈው።»
ከሞተሩ ክፍል ስንደርስ ድምፃቸው ጠፋ፤
አፋቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤
እኛም ጆሯችንን ይዘን፣ ላልሰማነው ሁሉ
ራሳችንን ነቀነቅን፣ አስረድተው እስኪጨርሱ።

ከጎኑ ኖራው የዘለላት አንዲት ቦታ አለች፣
ሰው የምታስተኛ፣ ጠባብ።
«ይቺስ?»
«ተስፋልደት ነው የሚተኛባት። የምፅዋ ልጅ።
እሱ ወደቡ ላይ ቀረ፤
እኔ በጭነት መኪና፣ ከከሰል በላይ፣ ጅማ ገባሁ።
መርከቧ በኪሎ ተሸጠች አሉኝ።
ልብሱን መልስ ተባልኩ፤ ቁልፉን፣ ፊሽካውን፤
ልኳን ግን ማንም አልጠየቀኝ፣
ይዤው መጣሁ።»

ዘኪያ፦ «ባሕር ቦዬን ያህላል?»
«ቦዬን አይተሻል?»
«አዎ።»
«እንግዲያው ማዶውን አጥፊው።»
ዓይኗን ጨፈነች፤ ለማጥፋት ብዙ ቆየች።

ጅማ ነው፤ ዝናብ መቼ ያስፈቅዳል?
መጣ፤ መድፉን አንከባለለው፤
ኖራው ወተት መስሎ ወደ አዌቱ ወረደ።
«ልጆች ቅድሚያ! ጀልባ ውስጥ!»
ጀልባው የኪዮስክ ጥግ ነበር፤ ሮጠን ሞላነው።
እሳቸው ግን ከአፍንጫው፣ ከጎመኑ መሐል፣
ሸሚዛቸው ገላቸው ላይ ተጣብቆ፣
ፊት ለፊት እያዩ ቆሙ፤
ከስንት ዘመን በኋላ፣ ከሥራቸው ውሃ ነበረ።

ሰኞ ኳስ ተጀመረ።
እትዬ ራውዳ ስለ ጎመኗ እየተራገመች ነው።
ሼምሱ ማዕዘን ሊመታ ሲሮጥ፣
በሩ ከነበረበት ሲደርስ፣ አየሁት፣
ጎንበስ አለ።