ወላዋይ ምስክር

ሃያ ሰባተኛው፣ አንተን ነው የምልህ፤
ጠዋት አረንጓዴ፣ ማታ ቀይ የሆንህ።
ኮዱን ማን ነካብህ? ሰረዝ ማን ጨመረ?
ያው ስክሪፕት፣ ያው ማሽን፣ ያው ገመድ ነበረ፤
ታዲያ ምን አይተህ ነው የማልኸውን የካድህ?

የምንሠራው ለገሃር፣ አምስተኛ ፎቅ ነው፣
ሊፍቱ ከቆመ ወዲህ ሁሉም ጉልበቱን አወቀው።
ከመስኮቱ ሥር ጡሩምባ፣ የክሬን ክንድ፣ አቧራ፤
ናሆም ከፊቴ ተቀምጦ፣ ጆሮው ተደፍኖ ሲሠራ፣
ቀዩን ባየ ቁጥር ዓይኑን ሳያነሳ፣
«ድገመው» ይለኛል፣ «የወደቀ ይነሳ።»

ደገምኩት፤ አለፈ።
ደገምኩት፤ ወደቀ።
ደገምኩት፤ አለፈ።
ዳዊት ደጋሚ እንኳ እንደኛ አልደገመም፤
ስንደግም፣ ስንደግም፣ ግንቦትም አለፈ።

ትርሲት ግን አንድ ቀን ወንበሯን ሳበችና፦
«ይህ ቀይ ሲመጣ ማንም አይደነግጥም።
እውነተኛው ቀይ የመጣ ዕለት፣
ያንንም ድገመው ብለን ለደንበኛ ልንልከው ነው?
የሚወላውል ምስክር ጭራሽ ከሌለው ይከፋል።
ወይ አቅናው፣ ወይ አውጣው።»

ስክሪፕቱን ከፈትኩት። አርባ መስመር ነው፤ ከአርባው አንዷ፦
«ተኛ አሥር።»
ሰርቨሩን ከኋላ አስነስቶ፣ አሥር ሰከንድ አሸልቦ፣
ከዚያ ሄዶ በሩን ያንኳኳል፤
ካልተከፈተለት «ቤቱ ባዶ ነው» ብሎ ይመሰክራል።
ታሪኩን ወደ ኋላ ቆጠርኩ።
አሥር ያደረገው ናሆም፣
አምስት ያደረገው ሱራፌል፣ ባንክ ከመግባቱ በፊት፤
መጀመሪያ ሁለት ብሎ የጻፈውን ፈለግኩ፤
ስሜን አገኘሁት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወረድኩ። የሳሪስ ታክሲ ውስጥ፣
ለሦስት በተሠራ ወንበር አራት ሆነን ተጣበን፣
ከፊቴ ክራባት ያሰረ ሰውዬ ሰዓቱን አሥሬ ያያል፦
«ስንት ደቂቃ ነው የምትቆሙት?»
ረዳቱ በመስኮት ተንጠልጥሎ፣ ድምፁ ተሰንጥቆ፦
«ሳሪስ፣ ሳሪስ! ሁለት ሰው!… ጋሼ፣ በደቂቃ አይደለም፤ ሲሞላ ነው።»

ሲሞላ ነው።

ተነሳሁ። የሰው እግር እየረገጥኩ፣ ይቅርታ እያልኩ ወረድኩ።
«እንዴ ወንድሜ! ሦስት ሰው አደረግከው እኮ!» አለኝ፤
ሰውዬው ሰዓቱን ትቶ እኔን አየ።

አምስቱን ፎቅ በአንድ ትንፋሽ ወጥቼ ያቺን «ተኛ» ከሥሯ ነቀልኳት፤
በቦታዋ የረዳቱን ዓይን ተከልኩ፦
እይ። ሰርቨሩ «ደርሻለሁ» የሚለውን መስመር ጽፏል?
ካልጻፈ ጥቂት ቆይ፣ መልሰህ እይ።
እንደጻፈ፣ ቅጽበት ሳትጨምር፣ ሂድ።
ግማሽ ደቂቃ ሙሉ ጠብቀኸው ከቀረ «አልመጣም» በል፤
ያኔ የምትለው እውነት ነው።

ሆን ብዬ ማሽኑ ላይ ሌላ ሥራ ከምሬ
መቶ ጊዜ አስሮጥኩት። መቶውም አረንጓዴ።
ሃያ ሰባተኛው፣ ይቅር በለኝ፤
አንተማ ያየኸውን ነበር የተናገርኸው፣
እኔ ነኝ ሳይነጋ የላክኩህ።

ልሄድ ቦርሳዬን ሳነሳ፣ ልክ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ፣
ሠላሳ አንደኛው ቀላ።
ይሄኛው ሁለት ሰዓት ይጠይቃል፣
አንዱን የአዲስ አበባ፣ አንዱን የግሪንዊች፤
ከስድስት እስከ ዘጠኝ አንዱ «ዛሬ» ሲለው አንዱ «ትናንት» ይለዋል።
እናቴን ብትጠይቋት ሁለቱም ተሳስተዋል፤
ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው።

ጋሽ ወርዶፋ ካፖርቱን እንደደረበ በሩን ከፈተልኝ።
«ዛሬም አመሸህ።»
«ነገ እጨርሳለሁ» ልል አፌን ከፈትኩና፣
የቱ ነገ እንደሆነ ስላላወቅኩ
ዝም ብዬ ወጣሁ።