የምገፋው ብዕር

ከአቃቂ ድልድይ ሥር ሰዓት ጠጋኝ አለ፣
በወተት ጣሳ ውስጥ ብዕር የተከለ።
ጋሽ ደቻሳ ይባላል፤
ባንድ ዓይኑ ማጉያ፣ ባንዱ ሰው ያያል።

«ምን ልስጥሽ?» አለኝ።
«ብዕር» አልሁት፣ «የማያጋልጠኝ።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ቦርሳዬን ፈታሁ፣
የእድሩን መዝገብ ገልጬ አሳየሁ፤
ገጹ ሁሉ ጭጋግ፣ ፊደሉ ጅራታም፣
ያረፈ፣ ያዋጣ፣ የቀረ አይለይም።
ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፣ ቱሉ ዲምቱ ያሉ
ጎረቤቶቼን ስም፣ ሰባት ዓመት ሙሉ፣
በግራ እጄ ስከትብ፣ በግራ እጄ ሳጠፋ።

«እስክርቢቶስ?» አለኝ።
ሊቀመንበራችን «እስክርቢቶ ይነጣል፣
የሙት ስም በቀለም!» ብለው ወስነዋል።

ፊደላችን መንገዱ ከግራ ወደ ቀኝ ነው፤
ቀኝ እጅ ይጽፋል፣ ትቶት ይሄዳል፤
የኔ እጅ ይጽፋል፣ መልሶ ይረግጠዋል።
ሌላው ብዕሩን ይስባል፣ በገመድ እንደ ፍየል፤
እኔ እገፋዋለሁ፣
ጭቃ እንደያዘው ባጃጅ፣ ሽቅብ፣ በጉልበቴ ኃይል።

ልጅ ሳለሁ ይህን እጅ በሻሽ አስረውታል፣
«በቀኝ ያውልሽ» ብለው መርቀውበታል።
ሻሹ ተፈታ፤ ምርቃቱም እንደዚያው።

ሐምሌ ነበር። ጥላነሽ ወርዶፋ አረፈች፣ ከሦስተኛ ፎቅ።
ስሟን ጻፍሁ፣ አለፍሁበት፣ ቀለሙ ሳይደርቅ።
ገጹ ላይ ስሟ ጥላ ሆኖ ቀረ፣
ግማሹ መዳፌ ላይ ከኔ ጋር አደረ።
ልጇ ለቀብሩ ገንዘብ ሊፈርም መጣና
መዝገቡን ዐይቶ፣
«እናቴ የታለች?» አለኝ።
«ግራ ገባኝ» አልሁት። እውነቴን ነበር።

ጋሽ ደቻሳ ጣሳውን ገለበጠ።
የመጀመሪያው አፉ የማይከደን ወሬኛ ነው፣
ቃሉ ሳይደርቅ ሌላ ቃል የሚያፈሰው።
ሁለተኛው ቀጭን፣ የወርቅ ቅብ ከንፈር፣
ስገፋው ተተከለ፣ ወረቀት ሊቆፍር።
ሦስተኛው ኩሩ፤ በግራ ስይዘው ደረቀ፣
በቀኝ ስሞክረው ፈሰሰ፣ ሳቀ።
አራተኛው ላይ የሰው ስም ተቀርጿል።
የማን ነው አላልሁም፤
በሙት ሰው ስም ሌላ ሙት አልጽፍም።

«ለግራኝ ተብሎ የተሠራ የለም፣
ሰዓትም ወደ ቀኝ ነው የሚዞር» አለና
ከመሳቢያው ጥግ አንድ አሮጌ አወጣ፣
ክዳኑ ስንጥቅ፣ በክር የታሰረ።
ጫፉን በማጉያው አየ። ዝም አለ። መልሶ አየ።
«ይሄ በግራ በኩል ተበልቷል» አለኝ፣
«ጌታው እንዳንቺ ነበር መሰለኝ።»
«ማን ነበር?»
«እንጃ። የጨረታ ዕቃ ነው።»

ስድስት መቶ አለ፣ አራት አልሁ፣ ቀለም ጨምሮ በአምስት።

ሰው ብዕር ሲሞክር የራሱን ስም ይጽፋል።
እኔ ከደረሰኙ ጀርባ፣ ወረቀቱን አጋድሜ፣
ጥ
ላ
ነሽ
አልሁና፣ መዳፌን አሳረፍሁበት፣ እንደ ልማዴ።
አነሳሁት።
ስሙ አለ። ሙሉ ነው። ጅራት የለውም።

ታክሲው ውስጥ እጄን ዘርግቼ አየሁት።
የትንሿ ጣቴ ጎን፣ ሰባት ዓመት ጠቁሮ የከረመው፣
ዛሬ ንጹሕ ነው።
ደስ ይለኛል ብዬ ነበር።

ዛሬ ማታ
ማንንም ይዤ እቤቴ አልገባም።