የተውሶ ሰዓት

ፒያሳ፣ ከጡሃ ሱቅ፣ ከመስታወቱ ሥር፣
ጥቁር ሰዓት አለ፣ ልብን የሚቆጥር።
ስንት ነው? አልኩት እንደ ዋዛ።
«ላንተ ስለሆነ ነው» አለ፣ ድምፁን አለዝቦ፣ ወደኔ ጠጋ፤
የነገረኝ ዋጋ
የሁለት በግ ነው፣ በዓል ሲጠጋ።
ደረት ላይ የሚታሰረው ቀበቶ ለብቻው ነው አሉ፤
እሱን አልጠየቅሁም።

እኔ የዞን ዳኛ፣ የሆጤ ሜዳ ሰው፣
ፊሽካዬን በሸሚዜ ጫፍ ሁሌ የማብሰው፣
በአርባ ሦስት ዓመቴ ደግሞ ልፈተን ነው።
ግንቦት ላይ ሩጫ አለ፤ ሰዓት ያዡ አይምር፤
አርባ ሜትር ስድስቴ፣ ከዚያም ዙር በዙር።
የወደቀ ዳኛ ባንዲራም አይሰጠው፤
ከሰው መሃል ገብቶ ዳኛን ነው የሚያንጓጥጠው።

የመስመር ዳኛዋ መኪያ ገዝታለች።
«አንተ» አለችኝ አንድ ቀን፣ «ስትሮጥ የምታውቀው
መድከምህን ነው እንጂ ልኩን ማን ሊያውቀው?»
እውነቷን ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ
ዘጠና ደቂቃን በእጄ ላይ የያዝሁ፣
በገዛ ልቤ ላይ ሰዓት መያዝ ፈራሁ።

ራቢያ ቤት ውስጥ ሰምታ ሳቀች፦
«የልብህን ምት ልወቅ ብለህ ሁለት በግ አትረድ፤
የዘይት ዋጋ ስነግርህ ያኔ ነው የሚርበደበድ፤
ካሻህ እኔ እቆጥርልሃለሁ፣ በነጻ።»

ቅዳሜ ከመኪያ ተዋስኩት፣ ለሦስት ቀን።
ቀበቶው ሲነካኝ ይቀዘቅዛል፣ እንደ ሐኪም እጅ።
ኮምቦልቻ ወርጄ፣ ቦርከናን ተከትዬ፣
ላቤ እስኪንጠባጠብ ሮጥኩኝ ቀስ ብዬ፤
መቶ አርባ ስምንት አለ።
በማግሥቱ ደሴ፣ ከጦሳ ሥር፣ በጭጋግ፣
ከትናንቱ ቀስ ብዬ አቀበቱን ስታገል፦
መቶ ስልሳ ሦስት።
አንድ ሰው፣ አንድ ጫማ፣ ያው አንድ አሮጌ ልብ፤
በሐረጎ ጥምዝ ላይ ማን ጨመረ ሒሳብ?

ቁጥሩን ሳይ ሳይ ድንጋዩን ረሳሁ፣
አንዴ ተደናቀፍኩ፣ አንዴ በግ ላይ ወጣሁ፤
ጦሳ ጭጋጉን ሲያወልቅ ሳላየው ቀረሁ።
የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክማ የምትወርድ አንዲት ሴት
እጄን አየች፣ ፊቴን አየች፣
«ምን ጠፋብህ አያ?» አለች።

ሦስተኛው ቀን አልሮጥኩም።
ሸዋ በር ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ
ያንድ ሲኖትራክ ጎማ ፈነዳ፤
ሰው ሁሉ ባንዴ ወደ ግድግዳ።
ሙዝ ሻጯ ወዲያው ከጋሪዋ ሥር ናት፤
ያ ኅዳር ነው ያስተማራት፣ ማንም አልሳቀባት።
እኔ ካለሁበት ንቅንቅ አላልኩም። እጄን አየሁት፦
መቶ ሰባ አንድ።
ከዚያ ንዝር አለና ጻፈልኝ፣
ጎበዝ፣ ጥሩ ስፖርት ሠርተሃል የሚል ነገር፤
በፈረንጅ አፍ ነው፣ ግን ገባኝ።

ዳኛ ነኝና ይቺን ስሕተት አውቃታለሁ፤
እጁን ብቻ አይቶ፣ ኳሷን ሳያያት፣
ከሩቅ ሆኖ ፊሽካ የሚነፋላት።
እኔም ነፍቻለሁ፣ አንድ ሁለቴ፤
አንዱን እስካሁን ስተኛ አየዋለሁ።

ለመኪያ መለስኩላት። «እሺ?» አለችኝ።
«ይቆጥራል» አልኩ።
«ይቆጥራላ! ሌላ ምን ፈለግህ?»
መልስ አጣሁ።
ማታ ፊቴን ስታጠብ፣ ደረቴ ላይ
የቀበቶው ምልክት አልለቀቀም ነበር።

ገንዘቡ አሁንም በጨዋታ ሕግ መጽሐፍ ውስጥ፣
ከኦፍሳይዱ ገጽ ላይ፣ ታጥፎ ተቀምጧል።
ጡሃ ባለፍኩ ቁጥር «ቀንሻለሁ!» ይላል፤
አንድ ቀን እገባ ይሆናል፣ አላውቅም።
ግንቦትም ሩቅ አይደለም።
ዛሬ ጠዋት ሁለት ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ
ከሆጤ ወደ ቧንቧ ውሃ እየሮጥኩ ቆጠርኩ፤
አርባ ስምንት ላይ አንድ ልጅ «ዳኛው!» ብሎ ተጣራ፣
ቁጥሩ ጠፋብኝ፤
እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።