በርጥብ እጅ

ማክሰኞ ከሰዓት፣
ደመወዝ በገባ በሦስተኛው ዕለት፣
ሙዘይን ሱቅ ቆምኩኝ፣ ልመርጥ ስለት።

ሰኞ ቤንሳ ልወጣ፣ ሦስት ወር ድንኳን ላድር፣
ዛፍ ልቆጥር ለመንግሥት፣ ግንዱን በሜትር ልሰፍር።
እናቴ ተስላለች፣
በደህና ብመለስ ለሐዋሳው ገብርኤል ጃንጥላ ብላለች።
እኔ ግን ቢላ ነው ያማረኝ።

ሙዘይን ደረደረ።

አንዱ ክንድ ያክላል፣ ጀርባው የመጋዝ ጥርስ፣
እጀታው ውስጥ ኮምፓስ፣ መንጠቆና መርፌ፣ ክብሪት የማይርስ።
"ይሄ" አለኝ ሙዘይን፣ "አንበሳ ቢመጣ…"
ሳቅን።
ቤንሳ ያለው ጭቃ ነው፣ አንበሳ ከየት ይምጣ።

ሌላው ታጣፊ ነው፣ አሥራ አንድ ምላስ፣ ጠርሙስ መክፈቻ፣ መቀስ፤
አንዱን ልከፍት ስል ሌላው ብቅ ብሎ ያስቸግራል፣
እንደ ዕድር ስብሰባ፣ ሁሉም እኩል ይናገራል።

ሦስተኛው ትንሽ ነው፣ አራት ጣት ቢሞላ፣
እጀታው ደረቅ እንጨት፣ ስም የለው፣ ተራ ቢላ።
ሙዘይን ራሱ ዓይኑን አልጣለበት፣
ከመስታወቱ ሥር፣ አቧራ ተኝቶበት።

ልቤ ለትልቁ አደላ፣ ምን እደብቃለሁ?
መስታወቱ ላይ ራሴን አየሁት፣
ወገቤ ላይ ሽጬው ደረቴን ነፋሁት፣
ዛፍ ቆጣሪነቴን ለአፍታ ረሳሁት።

"ነገ እመጣለሁ" ብዬ፣ ባጃጅ ይዤ ወረድኩ ወደ አሞራ ገደል፣
ዓሣ ልበላ እንጂ ምክር ልጠይቅ አይደል።
ዱካሌ ተቀምጣ፣ ቦት ጫማ ተጫምታ፣
ቆሮሶ ትበልታለች፣ አጥንት ከሥጋ ፈትታ።
የያዘችው ቢላ በሞረድ ተበልቶ፣
የሸንበቆ ቅጠል መስሏል፣ ሳስቶ ሳስቶ።

ነገርኳት ነገሬን። እጇ ሥራ አልፈታ፣
"ምን ልትቆርጥበት ነው?" አለችኝ በእርጋታ።

ቆጠርኩላት እኔም፦ ገመድ፣ ሽንኩርት፣ ዳቦ፣
የድንኳን ካስማ ጫፍ፣ እግር የገባ እሾህ፣
ፕላስተር፣ ድንች፣ እርሳስ… ስቆጥር፣ ስቆጥር፣
አንበሳው ጠፋብኝ ከዚያ ሁሉ ዝርዝር።

"እንካ" ብላ ሰጠችኝ፣ ከነደሙ፣ ከነቅርፊቱ።
ጨበጥኩት። አልሸሸኝም።
"ሱቅ ውስጥ ሁሉም ቢላ ለደረቅ እጅ ታማኝ፤
እጅህን አርጥብና ያዘው፣ ያኔ ካልከዳህ ናና ንገረኝ።
ደሞ ትልቅ ቢላ የያዘ ሰው ትልቅ ነገር ይፈልጋል፣
ትንሹን የያዘ ሽንኩርቱን ከትፎ ይተኛል።"

ረቡዕ ጠዋት።
"ውሃና ሳሙና" ስለው ሙዘይንን፣
"ልትገዛ ነው ወይስ ልትታጠብ?" አለ።
እጄ አረፋ ሞላ። ትልቁ ሾለከ፣
ጠረጴዛው ላይ ዘሎ፣ ሊወጋኝ የማለ።
ምላሰ ብዙውም፣ አንዱም አልከፈት አለ።
ትንሹ ግን፣
እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ፣ መዳፌ ውስጥ ዝም አለ።

ሦስት መቶ ብር።
ብርቱካንማ ክርም መረቀልኝ፣ "ሣር ውስጥ ሲወድቅ እንድታየው" ብሎ።

ላሳያት ወረድኩኝ፣ ዱካሌ አልመጣችም።
የዓሣ ጥራጊው አጠገብ አንድ አባ ኮዳ ቆሟል፣
የናይለን መረብ እግሩን ጠፍሮት፣ ሥጋው ውስጥ ሰምጧል።
ጀልባ ጠባቂው ላታሞ ጃኬቱን ጣለበት፣
መንቁሩን በብብቱ አፍኖ "ቶሎ በል!" አለኝ።
በክሩና በእግሩ መሃል የጥፍር ውፍረት ነው ያለው።
ትልቁ ቢሆን ኖሮ… እግሩን ነበር።
የትንሹን ጫፍ አስገባሁ፣ ወደ ላይ ሳብኩ።
ጧ!
አንድ ዙር። ሌላ ዙር። ላታሞ ይሳደባል፣
ወፉ ጉሮሮው ያብጣል፣ ሐይቁ ዝም ብሏል።

ሲለቁት አላመሰገነ፣
እያነከሰ ሄዶ አንጀት ይለቅም ጀመር።

ዱካሌ ዘግይታ መጣች። ቢላውን ተቀበለች፣
በአውራ ጣቷ ጥፍር ሞክራ፣ "ስለቱ ደህና ነው" አለች።

ሰኞ ተሳፈርኩኝ፣ ሁለት ስለት ይዤ፦
አንዱ የእናቴ ነው፣ ገብርኤል ያውቀዋል፤
አንዱ ኪሴ ውስጥ ነው፣
ባጥበውም፣ ባጥበውም፣ ዓሣ ዓሣ ይለኛል።