የወንበሩ ወዲያኛው ጫፍ

ቱሪስቱ ተሰልፎ ካቴድራሉን ሲያይ፣
ካሎጄሮ አለ፥ ማሪና አደባባይ፣
ዋርካው ሥር ተቀምጦ፥ ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ።

ዋርካውም ሽማግሌ፤ ዕድሜው ሲከብደው፣
ከቅርንጫፉ ጫፍ ሥሩን አወረደው፤
መሬት ነካ ሥሩ፥ ወፍሮ ዐምድ ሆነ፤
አርጅቶ ሳይወድቅ በገዛ ሥሩ ዳነ።
ሰውየው ግን ምርኩዝ ከገበያ ገዛ፣
እጀታው በላቡ ጠቁሮ እስኪወዛ።

ካሜራ ያነገተች አንዲት ወጣት መጥታ፣
ከሰሜን አገር ናት፥ አፍንጫዋ ቀልታ፣
«ቤተ መንግሥቱ መቼ ተሠራ?» ብትለው፣
ሳቀ፦ «እኔ እንጃ ልጄ፤ ንጉሡን ጠይቂው።
እኔ የማውቀው ጥላ ነው፦ በነሐሴ ፀሐይ፣
ዐሥር ሰዓት ሲሆን ይደርሳል እዚያ ላይ፣
ኑንዚያ ባቄላ ትፈለፍልበት ከነበረው ጥግ።»

ልጅቷ ለመቀመጥ ጎንበስ ብላ ነበር፣
ቀና አለች፤ ቆመች፤ ከወንበሩ ዳር።
«ተቀመጪ» አላት፤ «ወንበር ሥር አያወጣም፤
ባዶውን ብጠብቀው እሷ ተመልሳ አትመጣም።»

ዝም አሉ። አይስክሬም የያዘ ልጅ አጠገባቸው ሮጠ፤
ከእጁ አንዲት ጠብታ ድንጋዩ ላይ ቀለጠ።
ጥላው ቀስ ብሎ መጣ፥ እግራቸውን ነካ።
ትኬቷ ኪሷ ውስጥ ነው፤ በሩ ተዘግቷል ለካ።