ሁለት ቁና

ግራዝማች ይስማው ሁለት ቁና አላቸው፤
አንዱ የብድር ነው፣ አንዱ መቀበያቸው።
ከሩቅ ለሚያያቸው መንታ ይመስላሉ፣
ባንድ እጅ የተሰፉ፣ ባንድ ቀለም ያሉ።
ልዩነታቸውን የሚያውቀው ጫንቃ ነው፤
ሐምሌ ላባ መስሎ ጥር ድንጋይ የጫነው።

ጭሰኛው ሲሶውን፣ አሥራቱን ሰፍሮ፣
ለበዓል ሙክቱን፣ ለሠርግ ቅቤ ጨምሮ፣
ቁናው ይነቀነቃል፤ ይጠቀጠቃል፤ ይከመራል፤
ከአፉ የፈሰሰው እንኳ ለሳቸው ተጠርጎ ይሰፈራል።

አባቴ ይማም ደንገል ቆራጭ ነበር፣
ቤቱ ከሐይቁ ጠርዝ፣ ከፊላው መንደር።
እህሉን ከደልጊ በታንኳ ሲያመጣ፣
ሁለት ሌሊት ቀዝፎ ባሕር ዳር ሲወጣ፣
ጤፉ ደርቆ ይገባል፤ እሱ ግን በስብሶ፣
እስከ ጭኑ ድረስ ጣናን ተላብሶ።

አንድ ቀን ያን እህል ሲያጋባ ዋለና፣
ውሃ ቢለምን ደጅ በቅል ሰጡትና፣
ጠጥቶ ሲጨርስ ቅሉን ሰባበሩት፤
"የወይጦ አፍ ነክቶታል" ብለው ወረወሩት።
እኔ የስድስት ዓመት፣ ታንኳው ጫፍ ላይ ሆኜ፣
የቅሉን ስባሪ ለቀምኩት ዘግኜ።
ስገጥመው አመሸሁ። አልገጠመም። ይሁን።
ያ ነው እንግዲህ የፖለቲካ ትምህርቴ የመጀመሪያው ቀን።

ኋላ ከተማ ገባሁ፤ ፋብሪካ ቀጠረኝ፣
የጥጡ ብናኝ በሳል እየሰበረኝ።
እዚያም ሁለት ቁና፤ ለአለቃው ቪላ፣
ዘንባባ የከበበው፣ ሐይቅ የሚያይ ጥላ፤
ለእኛ የቀን አንድ ብር፤ እሱም ተቆርጦለት፣
ሳል ላቋረጠን ደቂቃ መቀጫ ወጥቶለት።

በዛዊት ኮረብታ ቤተ መንግሥት አለ፣
አልጋው ተነጥፎበት፣ ሰው ሳይተኛ ያለ።
መብራቱ ሌሊቱን ለባዶ ቤት ያበራል፤
ከሥሩ ሰፈራችን በኩራዝ ይዳክራል።
ከፈረቃ ወጥቼ ዓባይ ዳር ስቀመጥ፣
ያ መብራት ውሃው ላይ ወርዶ ሲቆራረጥ፣
"ለካስ" አልኩ ለራሴ፣ "ቅል ብቻ አይደለም፤
ውሃ የማይሰብረው የላይ ነገር የለም።"

ስልሳ ስድስት መጣ። ወሎ ረግፎ አልቆ፣
የተረፈው እኛ በር ሲተኛ ተጣብቆ፣
የግራዝማች ጎተራ ነቀዝ ሲቀልብ ከረመ፤
ዋጋ እስኪንር ተብሎ በሩ እንደታተመ።

መጀመሪያ ያቆመች አሰገደች ናት፣
ልጅ አዝላ የምትፈትል፣ ሳል የበረታባት።
ማንንም አልሰደበች። መፈክር አላለች።
እጇን ከቁልፉ ላይ አውርዳ ቁጭ አለች።
ቀጥሎ የኔ ቆመ፣ ቀጥሎ የጎኔ፤
ዝምታ እንዲህ ሲያስገመግም ሰምቼ አላውቅም እኔ።

የፖሊ ተማሪዎች "መሬት ላራሹ" እያሉ
በዘንባባው መንገድ ሲተሙ ዋሉ።
አባቴ ይህን ሰምቶ፣ ደንገሉን እያሰረ፣
"መሬቱ ላራሹ፤ ይሁን" ሲል ጀመረ፤
"ውሃውን ለሚያርስ ሰው ምን አሰባችሁለት?"
መልስ የሰጠው የለም። እኔም አጣሁለት።

መስከረም ሲጠባ ሬዲዮ ተናገረ፤
አልጋው ባዶ ሆኗል።
(የበዛዊቱ ግን ድሮም ባዶ ነበረ።)

በሦስተኛው ሌሊት በራችን ተንኳኳ፤
ግራዝማች ናቸው። "ይማም፣ አለህ ታንኳ?"
ትልቁን ቁና ይዘው፣ ብር ሞልተውበት፣
ካባቸው በጭቃ ተለውሶበት።
አባቴ ቀዘፈ፤ ቃልም አላወጣ።
መሐል ሐይቅ ላይ ሲደርሱ የሰውየው ጉሮሮ ጥማት አመጣ።
አባቴ በቅሉ ውሃ ቀድቶ ሰጣቸው።
ጠጡ። መለሱለት። ተንቀጠቀጠ እጃቸው።
ቅሉን አልሰበረውም፤ አንዴ አለቀለቀው፣
ለማንም እንደሚያደርገው፣ ከጎኑ ወሸቀው።

ብሩን ገልብጠው ሲሄዱ ቁናው ተረሳ፤
ዓመት ዶሮ ታቀፈችበት፤ ማን ሊያነሳ።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ወጣት መጣ፣
ቆቡ አዲስ፣ ደብተሩ አዲስ፣ ድምፁ የተቆጣ፤
"መዋጮ ነው" አለ፤ "የእህል። ለአብዮቱ።
መስፈሪያስ አላችሁ? ቁና አለ ከቤቱ?"
አባቴ ዶሮዋን ቀስ ብሎ አነሳት፣
ከነእንቁላሎቿ ጥግ ላይ አስቀመጣት፤
ከዚያም ቀና ብሎ፣ ዓይኑን አየውና፣
"የትኛውን ልስጥህ?" አለው፤ "የቱን ቁና?"