ጣሳው

ሁለት ቀን ሠለጠንኩ ጣና ዳር ሆቴል ውስጥ፣
የታሸገ ውሃ ከፍቼ እየጠጣሁ፤
የሰው ባህል ማክበር እንዴት እንደሆነ
ሰርተፊኬት ይዤ ወጣሁ።

ሰኞ፣ ከክትባት ሣጥኔ ጋር፣
ከባሕር ዳር ጫፍ፣ ደንገሉ ዳር፣
ታንኳ ሠሪው አባ ኑርዬ
በጣሳ ውሃ ዘረጉ፤
ክንዳቸው መሀል ቀረ፣ ዐይኔን ፈለጉ።

ስንቱ ተቀብሎ ደፍቶት ይሆን?
እናቴም፣ ነፍሷን ይማርና፣
«ከእነሱ ጣሳ እንዳትጠጪ» ትለኝ ነበር፣
ልጅ ሆኜ ገና።

ጨለጥኩት። ጣና ጣና አለኝ።
ምርቃት ጠበቅሁ ከአፋቸው፤
እግሬ ላይ ነበር ዐይናቸው።
«ልጄ፣ ለታንኳ ያሰጣሁትን
ደንገል ነው የረገጥሽው» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ጣሳውን መለስኩ። ጫማዬን አወለቅሁ።
«ያልደረቀው የቱ ነው?»
ብዬ ጠየቅሁ።